ቀባሪ ሞልቷል፤ ጧሪው ወዴት ነው?

ባገራችን ሽማግሌዎች ምርቃት ውስጥ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ሁላችንም ሰምተነው «አሜን» ብለነዋል። ቃሎቹን ነጣጥሎ የተመለከታቸው ግን ጥቂት ሰው ይመስለኛል። ጧሪ ማለት አዛውንቱን በቁሙ የሚያበላ፣ የሚያጠጣ፣ የሚያለብስና የሚደግፍ ሰው ነው፤ ቀባሪ ማለት ደግሞ ሲሞት አፈር የሚያለብሰው ነው። በምርቃቱ ውስጥ ጧሪው ይቀድማል፤ ቀባሪው ይከተላል። እኛ የዛሬዎቹ የጎጃም ልጆች ሁለተኛውን አሳምረን ይዘነዋል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ዘመድ ከብቸናም ከደንበጫም ይሰበሰባል፤ አዲስ አበባ ያለውም ልጅ ሌሊቱን ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ይደርሳል። ለመጀመሪያው ማለት ለመጦሩ ግን ማኅበርም፣ ደንብም፣ ተራም የለንም። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ጉድለት የሚናገር ነው፤ ይልቁንም ጉድለቱ ከሁሉ ከፍቶ ስለሚታይበት ስለ አንድ በሽታ ነው።

በሽታው በአማርኛ የመርሳት በሽታ ይባላል፤ ሐኪሞች አልዛይመር ይሉታል። ስሙ የመጣው አሎይስ አልዛይመር ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ፍራንክፈርት ከተማ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ስሟን እንድትጽፍ ሲጠይቃት ጀምራ ታቆመው ነበር፤ ራሷን እንዳጣች ትናገር እንደ ነበርም በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረ። በነርቭ ሕዋሳቱ መካከል የተጠራቀመ ጉድፍ፣ በሕዋሳቱም ውስጥ የተተበተበ ክር የሚመስል ነገር አገኘ። ያየውንም በዚያው ዓመት ቱቢንገን ላይ ለተሰበሰቡት ሐኪሞች ገለጠላቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው የአእምሮ ሕክምና መምህር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። አንድ ቁም ነገር ስላለበት ነው። ሴትዮዋ የ51 ዓመት ጎልማሳ ነበረች እንጂ አሮጊት አልነበረችም። በሽታው በአብዛኛው ከ65 ዓመት በላይ ያሉትን ሰዎች የሚይዝ ቢሆንም እርጅናና እርሱ አንድ አይደሉም። እርጅና ጉልበት ይቀንሳል፤ የሰው ስምና ዕቃ የተቀመጠበትን ቦታ ለጊዜው ያስረሳል፤ የገዛ ልጅን ፊት ግን አያጠፋም። የገዛ ልጅን ፊት የሚያጠፋው በሽታ ነው። እኛ ግን ይህን ሁሉ ባንድ ቃል «ጃጁ» ብለን እንጨርሰዋለን። ከዚያም አልፈን «ልጅ ሆኑ» እንላለን፤ ጎረቤት ደግሞ «መተት ነው» ወይም «የሠሩት ሥራ ነው» እያለ ያንሾካሹካል።

ቃል ብቻ ነው፣ ምን ጉዳት አለው የሚል ይኖር ይሆናል። ጉዳቱ ብዙ ነው። «ጃጁ» ተብለው የተተዉ ሰው ሐኪም አያያቸውም። ነገር ግን የመርሳት ጠባይ የሚያሳየው ሰው ሁሉ አልዛይመር ይዞታል ማለት አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ ከባድ ድብርት፣ የመድኃኒት ጠንቅ፣ ከወደቁ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም፣ እነዚህ ሁሉ አዛውንቱን ሊያዘነጉት ይችላሉ፤ ሁሉም ደግሞ ሕክምና አላቸው። በድንገት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የሚመጣ መቃዠት ብዙ ጊዜ ከሳንባ ወይም ከሽንት መሥመር ሕመም የሚመጣ ነው። እንግዲህ መዳን የሚችለውን ሰው በአንድ ቃል ምክንያት እቤት አስቀምጠን የምናስጨርሰው ከሆነ፣ ቃሉ ቃል ብቻ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

በኛ አገር መርሳት ከሌላው አገር ይበልጥ የሚያሳፍርበት ምክንያት አለ። ጎጃም የቃል ትምህርት አገር ነው። በዋሸራና በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ ተማሪው ዳዊቱን በቃሉ ይዞ፣ ቅኔውንም ያለ ወረቀት በልቡ ቆጥሮ ነው ለመምህሩ የሚያቀርበው። የባላገሩም መብት በትዝታ ላይ የቆመ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት እስካደረገው ድረስ፣ ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ ዋናው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት። አቆጣጠሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የሽማግሌው ራስ የመሬት መዝገብ ቤት ነበር ማለት ነው። ዛሬ መሬቱ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተይዟል፤ ክብሩ ግን አሁንም በትዝታ ላይ ነው። ስለዚህ ዳኝነት ይቀመጡ የነበሩት አባት አንድ ቀን የልጃቸውን ስም ሲስቱ ቤተሰቡ የሚደብቀው ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ እሳቸውንም ጭምር ነው። ሰንበቴ ላይ አይታዩም፤ ለሠርግ አይጠሩም፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባሉ። መገለሉም በሽታውን ያባብሰዋል እንጂ አያሽለውም።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ ነው የሚል ሰው ቁጥሩን ይመልከት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳትና የአእምሮ መድከም ሕመም ነበረባቸው፤ በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አዲስ ሕመምተኛ ይጨመራል። ከነዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው አልዛይመር ነው። ደግሞም ከ100 ሕመምተኞች ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት በሀብታሞቹ አገሮች አይደለም፤ እንደኛ ባሉት አገሮች ነው። ያገራችንም ዕድሜ እየረዘመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ60 በላይ ሆኗል። ይህ የክትባት፣ የንጹሕ ውሃና የጤና ጣቢያ ፍሬ ነውና ደስ ሊለን ይገባል። ነገር ግን ለረዘመው ዕድሜ ተዘጋጅተናል ወይ?

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ሕመምተኛዋ እናት ናቸው እንበል። ሌሊት ተነሥተው «ቤቴ ልሂድ» ይላሉ፤ ያሉበት ቤት ሃምሳ ዓመት የኖሩበት የገዛ ቤታቸው ነው። የሚሹት ቤት ግን በልጅነታቸው ትተውት የመጡት ነው። በር ካልተዘጋ ይወጣሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ወደ ጮቄ ሲወጣ ብርዱ ደግሞ ይብሳል፤ ጋቢ ሳይደርቡ የወጡ አሮጊት ሌሊቱን በሜዳ ቢያድሩ ነገሩ የሞት ነገር ነው። ምድጃው ዘወትር የሚነድ ነው፤ ገደሉና ወንዙም ሩቅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨምሯል፤ ሰዓቱን የማያውቅ፣ «ማነህ?» ሲባል መልስ የሌለው አዛውንት በማታ መንገድ ላይ ቢገኝ ምን ይሆናል? መንገድ ሲዘጋስ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ማን ያመጣላቸዋል?

ከዚህ ሁሉ የሚከብድ አንድ ነገር አለ። እናቲቱ ከሞተ አሥር ዓመት ያለፈውን ባላቸውን «የት ሄደ? ለምን አልመጣም?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጅ እውነቱን ይናገራል፤ እሳቸውም እንደ አዲስ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይረሱታል፤ ከዚያ ደግሞ ይጠይቃሉ። እኛ መርዶን የምናውቅ ሕዝብ ነን። መርዶ ለማርዳት ዘመድ ተማክሮ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ ተመርጦ፣ ሰውየው እንዳይወድቅ በግራና በቀኝ ተይዞ ነው። ላንድ ሰው አንድ መርዶ አንድ ጊዜ እንዲህ ተጠንቅቀን የምናረዳ ሰዎች፣ ለዚህች እናት ያንኑ መርዶ በቀን አምስት ጊዜ ማርዳት ተገቢ ነውን? በሽታውን የሚያውቁ ሁሉ የሚመክሩት ሌላ ነው፤ ይኸውም አትከራከሯቸው፣ «ተሳስተሻል» አትበሏቸው፣ ይልቁንስ ስለሚሹት ሰው እንዲያወሩ አድርጓቸው የሚል ነው። «አባዬን ናፈቁት እንዴ? እስቲ ሲያርስ እንዴት እንደ ነበር ይንገሩኝ» ማለት ውሸት አይደለም። የሩቁ ትዝታ ከቅርቡ ይልቅ የሚቆይ ስለ ሆነ አውርተው ይረጋጋሉ። የልጃቸውን ስም የረሱ አባት «አባታችን ሆይ»ን ከነዜማው ሊያደርሱት ይችላሉ። አብሯቸው የሚያደርስ ሰው ካገኙ ያ ሰዓት ለእሳቸውም ለቤቱም ዕረፍት ነው።

ይህንን ሁሉ የሚሸከመው ማነው? የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው አስታማሚ ቤተሰብ በቀን በአማካይ አምስት ሰዓት በማስታመም ላይ ያጠፋል፤ ከማስታመሚያው ሰዓት ውስጥም 70 በመቶው በሴቶች ላይ የወደቀ ነው። በኛም አገር ዙሪያችንን ብንመለከት ያው ነው፤ ትልቋ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛ በዶርሚተሪ ተቀምጠን መጽሐፍ የምንገልጠው አንድ ሰው እቤት ስለ ቀረ ነው። አያትን የምትጠብቀው ከትምህርት ቤት የወጣችው እኅት ናት። ወንድሟ ዲግሪ ሲቀበል ፎቶግራፍ ላይ አትገኝም፤ አያትየውን ትታ መምጣት አትችልምና። ትምህርታችንን የመንግሥት በጀት ብቻ የከፈለው አይምሰለን፤ የርሷም ዓመታት ተከፍለውበታል። ነገሩ ከዚህም የባሰ ፍርድ አለበት፤ ሊቃውንቱ እንደሚሉት በልጅነት ትምህርት አለማግኘት ራሱ በእርጅና ጊዜ ለዚህ በሽታ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ ዛሬ ልታስታምም ከትምህርት ያስቀረናት ልጅ ነገ በተራዋ ለመታመም ትቀርባለች ማለት ነው።

ኀዘኑስ? በዚህ በሽታ የሚመጣው ኀዘን ስም የለውም፤ ስም የሌለው ኀዘን ደግሞ ለቅሶ ደራሽ የለውም። ባገራችን ሰው በሕይወት ሳለ የቁም ተዝካሩን ማውጣት የታወቀ ነው። ይህ ግን የቁም ለቅሶ ነው፤ የሚያለቅሰውም ቤተሰቡ ለብቻው ነው። አባት አሉ፤ አባትነታቸው ግን በየወሩ እየተቀነሰ ይሄዳል። ዛሬ የልጅ ልጅን ስም፣ ነገ የሚስትን ስም፣ ከነገ ወዲያ የራስን ስም። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት እንዲህ ይቆያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጅቱ ብታለቅስ «ምነው በሰላም? አባትሽ አሉ አይደለም ወይ?» ትባላለች። በመጨረሻ የሞቱ ዕለት ደግሞ ድንኳኑ ይተከልና ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «እሳቸውም ዐረፉ፣ አንቺም ተገላገልሽ» ይላታል። ያን ዕለት አልቅሳ ያለቀላት ስለ ሆነ እንባ ብታጣ ሰው ይታዘባታል፤ እንባዋ ቢበዛ ደግሞ «ይህን ያህል?» ይባላል። ሁለቱም ፍርድ ግፍ ነው። ሐዘንተኛዋ ዓመታት ያህል ለቅሶ ተቀምጣ ነበር፤ እኛ ነን ያልደረስንላት።

ሕጋችንም ከኛ የተለየ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ወላጁ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ወላጅን ለማስታመም ተብሎ የተጻፈ ፈቃድ ግን የለም፤ ለልዩና ከባድ ጉዳይ እስከ አምስት ቀን ያለ ደመወዝ መውሰድ ይቻላል ይላል እንጂ። የቤተሰብ ሕጉ ልጅ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ አለበት ይላል፤ መልካም ነው፤ ግዴታውን የሚወጣው ልጅ ግን በምን ጊዜና በምን ገንዘብ እንደሚወጣው ዝም ይላል። ጡረታ ያለው የመንግሥትና የድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ሲያርስ የኖረው ባላገር ጡረታ የለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት ገንዘብ እንደሚመድብ አስፍሯል። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ባላገር አዛውንት በዚህ አንቀጽ ውስጥ በሁለት በኩል ይገባሉ፤ አረጋዊም ናቸው፤ አእምሯቸውም የተጎዳ ነው። እንግዲህ መጠየቅ ምጽዋት መለመን አይደለም፤ የተጻፈው እንዲፈጸም ማሳሰብ ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ። የመጀመሪያው ተቃዋሚ «ወባና ረኃብ፣ ሥራ ማጣትና ጦርነት ባለበት አገር የሽማግሌ መርሳት ምን ቁም ነገር ነው?» ይላል። እኔ ግን ችግሮቹን ተራ አሰልፎ አንዱ እስኪያልቅ ሌላውን ቁም ማለት አይቻልም እላለሁ። አንድ ሕመምተኛ ያለበት ቤት አንድ ሠራተኛ ያጣል፤ ሠራተኛ ያጣ ቤት ይደኸያል። የመርሳት በሽታ የድህነት ጉዳይ ነው እንጂ ከድህነት ጉዳይ የሚያናጥብ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «እኛ እንደ ፈረንጅ ወላጆቻችንን በመጦሪያ ቤት አንጥልም፤ ባህላችን ይበቃናል» ይላል። ባህላችን መልካም መሆኑን አልክድም፤ ሊመካበት የሚገባውም ነው። ነገር ግን ባህሉን የሚፈጽመው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ በባህል መመካት በሌላ ሰው ትከሻ መመካት ነው። ጧሪ የሌላቸውስ ምን ይሆናሉ? ቢንያም በለጠ በአዲስ አበባ ያቋቋመው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና የሚያነሣቸው ሰዎች ባህል የሌላቸው ሕዝቦች ልጆች አይደሉም፤ የዚሁ የኛው አገር አባቶችና እናቶች ናቸው።

ሦስተኛው «መድኃኒት ለሌለው በሽታ ምን ይደረጋል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። ዶኔፔዚልና ሜማንቲን የሚባሉት መድኃኒቶች የሕመሙን ምልክት ለጊዜው ያቃልላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ በጅምር ላይ ያለውን በሽታ በመጠኑ ያዘገያል፤ ነገር ግን ሲወጣ ለዓመት ከ26 ሺህ ዶላር በላይ የተተመነ ነበርና የባላገሩ ተስፋ በእርሱ ላይ ሊሆን አይችልም። ተስፋው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የሊቃውንት ጉባኤ ጥናት 14 አጋላጭ ነገሮችን ቆጥሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ ከ100 ሕመምተኞች የ45ቱን ያህል ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብሏል። ከነርሱም ውስጥ የትምህርት ማነስ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር በሽታ፣ የጆሮና የዓይን መድከም፣ የራስ ቅል ጉዳት፣ መጠጥ ማብዛት፣ የአየር መበከልና ብቸኝነት ይገኛሉ። የደም ግፊት መለካትና አረቄ መቀነስ 26 ሺህ ዶላር አይጠይቅም። መዳን የለም ማለት መርዳት የለም ማለት አይደለም፤ ሞትም መድኃኒት የለውም፤ ዕድር ግን አለን።

ስለ ጸበልም አንድ ቃል ልበል፤ ዝም ብዬ ባልፍ ሰው ሁሉ የሚያስበውን መሸሸግ ይሆንብኛልና። ወላጁን ጸበል የሚወስድ ልጅ የሚያደርገው በፍቅር ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን አዛውንቱን ማሰር፣ በብርድ ውሃ ሥር ያለ ልክ ማቆየትና የጀመሩትን መድኃኒት ማስጣል የጸበሉ ትእዛዝ አይደለም፤ ሰው የጨመረበት ነው። ካህኑና ሐኪሙ ባንድ ሕመምተኛ ላይ ተቃዋሚ የሚሆኑበት ምክንያት የለም። የንስሐ አባት «መድኃኒቱንም ይውሰዱ» ቢል ከመቶ ንግግር ይበልጣልና።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የጤና ተማሪዎች ከኛ ዘንድ አሉ። ካንድ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሆነው በአንድ ቀበሌ ውስጥ «መርሳት በሽታ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ይመርመሩ» ብለው ቢያስተምሩ ትልቅ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል፤ ከደብረ ማርቆስ እስከዚያ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው ሁሉ ያን መንገድ እንዲጓዝ ማድረግ አይቻልምና የመጀመሪያው ምርመራ እዚሁ በጤና ጣቢያው እንዲደረግ መጎትጎት አለብን።

ሁለተኛ፣ የሕግ ተማሪዎች ለሌላ ሥራ ይፈለጋሉ። የሚረሳ አዛውንት የይዞታ ደብተሩን አውጥቶ፣ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ በስጦታ ወረቀት ላይ ጣቱን ሊያትም ይችላል። በሽታው ገና ሲጀምር፣ አእምሮው ሳይደክም፣ አዛውንቱ ፈቃዱን በምስክር ፊት በሕግ አግባብ እንዲያስቀምጥ መምከር፣ በኋላም በወንድማማቾች መካከል የሚነሣውን ጠብ ማስቀረት ነው።

ሦስተኛ፣ ዕድራችንን እናነጋግር። ዕድር ለሞት ብቻ ነው የሚል ካለ የቅርቡን ታሪክ ያስታውስ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች.አይ.ቪ. ቤቱን ሁሉ ባንኳኳበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች አንዳንድ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በቤት የተኙትን ሕሙማን ወደ መርዳት ገብተው ነበር። ታዲያ ለመርሳት በሽታ ለምን አይሆንም? የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የዕድር አባል መጥቶ ከሕመምተኛው ጋር ቢቀመጥ፣ አስታማሚዋ ገበያ ትወጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ትተኛለች። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለምን?

አራተኛውና ለኛ የሚቀርበው የገዛ ቤታችን ነው። ዩኒቨርስቲ ሲዘጋ ወደ የቤታችን እንሄዳለን። በልማዳችን እንግዳ ሆነን እንቀመጣለን፤ እኅት ቡና ታፈላለች፤ እናት እግራችንን ታጥባለች። በዚህ ዓመት ልማዱ ይለወጥ። አያትየውን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ሌሊት ሲነሡ አብሯቸው የሚነሣው ከዩኒቨርስቲ የመጣው ወንድ ልጅ ይሁን። «ወንድ አያጥብም» የሚል ጎረቤት ቢኖር፣ ሲሞቱ ሬሳ የሚሸከመው ወንድ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ የሞተውን ለመሸከም ያላፈረ ትከሻ በሕይወት ያለውን ለመደገፍ የሚያፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? ለአንድ ወር ያህል ይህን ያደረገ ሰው፣ እኅቱ ምን ያህል እንደ ደከመች የሚያስረዳው ጽሑፍ አያስፈልገውም። እርሷም በዚያ ወር ውስጥ የማታ ትምህርት ለመመዝገብ፣ ወይም ዝም ብላ ለማረፍ ጊዜ ታገኛለች።

የተማርነው ለሕዝባችን ነው እያልን በየስብሰባው እንናገራለን። ሕዝብ ማለት ሩቅ ያለ ነገር አይደለም፤ በጓዳ የተደበቁት አያትና ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቃቸው እኅት ናቸው። የተማሪዎች ኅብረታችን የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ ይህን ጉዳይ ካጀንዳው ውስጥ ያግባው፤ ከጤና፣ ከሕግና ከሌላውም ክፍል አምስት አምስት ሰው ተመርጦ በዩኒቨርስቲው አጠገብ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ሥራ ይጀመር። እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ስልክ እንደውል። «አያቴ እንዴት አሉ?» ብለን ሁልጊዜ እንጠይቃለን። ዛሬ ደግሞ «አንቺስ? ከተኛሽ ስንት ቀንሽ ነው? የትኛውን ቀን ልተካሽ?» ብለን እንጠይቅ።